የመጽሐፍ ውይይት ወይስ የኮምፒውተር ሥልጠና?

ቤተ መጻሕፍት ለአዋቂዎች ከሚያዘጋጃቸው ፕሮግራሞች እነዚህን ሁለቱን አብልጬ እወዳለሁ።

ውይይቱ ብዙውን ጊዜ በወር 1 ጊዜ ነው። ሁሉም አንድ መጽሐፍ አንብቦ ይመጣል፤ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ጡረታ የወጣ ሰውና የ20 ዓመት ወጣት በአንድ ገጸ ባሕርይ ሲከራከሩ ማየት ደስ ይላል! ሰው ሲበዛ ግን ዝምተኞቹ ይዋጣሉ። ጊዜም ይፈልጋል፤ ሳያነቡ መሄድ አይጥምም።

ሥልጠናው ቅድመ ዝግጅት አይጠይቅም። ማውሱን ጭምድድ አድርገው የያዙ እናት የመጀመሪያ ኢሜይላቸውን ሲልኩ ፊታቸው ይበራል። አሠልጣኙ ከሮጠ ግን ዋጋ የለውም። አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ቀስ እያለ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል።

ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ ሥልጠናውን አስቀድማለሁ። ብቸኝነት ለከበደው ግን ውይይቱ ይሻላል፤ በየወሩ የሚጠብቁት ሰዎች ያገኛል።