የቤንዚን ትነት መስመር ሲበላሽ፦ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ወይስ የጭስ ማሽን?
የመኪናው ኮምፒውተር ያወጣው የብልሽት ኮድ ፒ0446 (የቬንት ቫልቭ ችግር) ከሆነ የጭስ ማሽን (መስመሩ ውስጥ ጭስ ነፍቶ ቀዳዳውን የሚያሳይ) ፍለጋ አትድከሙ፤ ቫኪዩም ፓምፕና 12 ቮልት ይበቃሉ። የቬንት ቫልቩን፣ ማለትም የትነት መስመሩን የአየር መተላለፊያ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን፣ ፈትታችሁ ከታንኩ ርቃችሁ ሞክሩት። በብዙ መኪኖች ኤሌክትሪክ ሳያገኝ አየር ማሳለፍ፣ ሲያገኝ ጠቅ ብሎ መዝጋትና ቫኪዩም መያዝ አለበት። በድሬዳዋ አቧራ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቬንቱ አየር ማጣሪያ ላይ የተጋገረው ደቃቅ አፈር ነው። ማደያ ላይ ቤንዚን ሲቀዳ ቶሎ ቶሎ የሚቆመውም ታንኩ አየር ማስወጫ ሲያጣ ነው።

ኮዱ ፒ0442 (ትንሽ የትነት ፍሳሽ) ሲሆን ግን ጭስ ይሻላል፤ ትንሽ ስንጥቅ የት እንዳለ ፓምፑ አያሳይም። ቬንቱን ዝጉ፣ አለዚያ ጭሱ በዚያው ይወጣል። የጭሱ ግፊት ከ1 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አይለፍ። የክዳኑን ጎማና የቱቦዎቹን መታጠፊያ በባትሪ እያበራችሁ ተመልከቱ። የድሬ ቀትር ቤንዚኑን እያተነነ ግፊቱን ስለሚያዛባ ማለዳ ሥሩት።