ለጂአርኢ ቨርባል ምን ልግዛ? መጽሐፉን፣ አፑን ወይስ የቃላት ካርዱን

«ጂአርኢ ልፈተን ነው፤ ለቨርባሉ ምን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ጂአርኢ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ የሚሆን ፈተና ነው፤ ቨርባል የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃላትና የንባብ (ሪዲንግ) ክፍሉ ነው። ብዙዎቹ ከሒሳቡ ይልቅ የሚፈሩት እንግሊዝኛውን ነው። ገንዘብም በብዛት የሚባክነው እዚያው ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ራሱ ያሳተመውን የቨርባል ጥያቄዎች መጽሐፍ ግዙ። ኢቲኤስ ፓወርፕሬፕ ብሎ በነጻ የለቀቃቸውን የኦንላይን ፈተናዎች ሥሩ። ለቃላት አንኪ የሚባለውን የቃላት ካርድ አፕ ጫኑ። ለሪዲንግ ደግሞ ሰባራ ሳንቲም አታውጡ። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ይህ ላልበቃው ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። የፈተናው ክፍያ 220 ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ የሚቀርብላችሁ 27 የቨርባል ጥያቄ፣ 27 የሒሳብ ጥያቄና አንድ ድርሰት ነው። ድርሰቱን ብንተወው አንዱ ጥያቄ አራት ዶላር ገደማ ወጣበት ማለት ነው። ውጤቱ ካልጣማችሁ ከ21 ቀን በኋላ መድገም ይቻላል፤ ግን ሌላ 220 ዶላር ነው። ለልምምድ የምታወጡትን ሁሉ ከዚህ አንጻር መዝኑት።

የኢቲኤስ የቨርባል መጽሐፍ 150 ጥያቄ አለው። አዲሱ ሃያ ዶላር አካባቢ ነው። አንዱ ጥያቄ 13 ሳንቲም ደረሰ። ፓወርፕሬፕ ፕላስ የሚባለው የኢቲኤስ የሚከፈልበት የኦንላይን ፈተና ደግሞ አንዱ 40 ዶላር ገደማ ነው። ቨርባልና ሒሳቡ ተደምሮ 54 ጥያቄ ስለሆነ አንዱ 74 ሳንቲም ይመጣል። ለቨርባሉ ብቻ ብላችሁ ከገዛችሁት 1 ዶላር ከ48 ሳንቲም ነው። ከመጽሐፉ ከአሥር እጥፍ በላይ! የጥያቄዎቹ ጥራት ግን ያው ነው፤ የሁለቱም ጸሐፊ አንድ ድርጅት ነው። ፕላሱ ማብራሪያና የድርሰት ነጥብ ይጨምርላችኋል። ነጻዎቹን የፓወርፕሬፕ ፈተናዎች ጨርሶ፣ ፈተናው ሲቃረብ አንድ ተጨማሪ ሙሉ ልምምድ ለሚፈልግ ሰው አልከለክልም። ከዚያ በፊት ግን አይነካም።

ሒሳቡንም የምትገዙ ከሆነ የኢቲኤስ ዋና መምሪያ፣ የቨርባሉና የሒሳቡ መጽሐፍ ሦስቱ በአንድ ጥቅል ይሸጣሉ። ብዙ ጊዜ ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል።

አሁን «ለምን የኢቲኤስ ብቻ?» የሚለው ይነሳል። የስልጠና ድርጅቶች የሚያሳትሟቸው ወፋፍራም መጻሕፍት አሉ፤ አንዳንዱ ከሺህ በላይ ጥያቄ አለው። በጥያቄ ዋጋ ካሰላነው የኢቲኤስን መጽሐፍ ድምጥማጡን ያጠፉታል። እኔም በዋጋ የምከራከር ሰው ነኝ፤ እዚህ ላይ ግን ርካሹ አያዋጣም።

የሒሳብ ጥያቄን ጎበዝ አስተማሪ አስመስሎ ሊጽፈው ይችላል። ቁጥሩን ይቀያይራል፣ አለቀ። ቨርባል እንዲህ አይደለም። አምስት ምርጫ ሲቀርብ አንዱ ትክክል መሆኑ አይበቃም፤ አራቱ ስሕተት መሆናቸውም ከጽሑፉ ላይ መረጋገጥ አለበት። ኢቲኤስ እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ፈተናው ውስጥ ነጥብ የማይያዝበት ክፍል እየደባለቀ ያስገባ ነበር። አዳዲስ ጥያቄዎቹን በእውነተኛ ተፈታኞች የሚፈትሸው በዚያ መንገድ ነበር። የስልጠና ድርጅት ይህን ዕድል ከየት ያመጣል?

ልዩነቱ ጥያቄው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአስመሳዮቹ የባዶ ቦታ ጥያቄ በአብዛኛው ብርቅ ቃል ያወቀ ሰው የሚመልሰው ነው። የኢቲኤሱ ቃሎቹን ሁሉ እያወቃችሁ የሚያሳስታችሁ ነው። መሀል ላይ ሐሳቡን የሚገለብጥ አንዲት ትንሽ ቃል ትቀመጣለች፤ እሷን ያላየ ወደቀ። ሴንተንስ ኢኩቫለንስ የሚባለው የጥያቄ ዓይነትም እንደዚሁ ነው። ባዶ ቦታው ላይ ሲገቡ ዓረፍተ ነገሩን አንድ ዓይነት ትርጉም የሚያሰጡትን ሁለት ቃላት ከስድስት ምርጫ ትመርጣላችሁ። የአስመሳዮቹ ላይ ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸው ሁለት ቃላት ካገኛችሁ በቃ፣ መልሱ እነሱ ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩን ማንበብም ላያስፈልግ ይችላል። ኢቲኤስ ግን ተመሳሳይ ሆነው ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የማይገቡ ጥንዶችን ሆን ብሎ ያስቀምጣል። በአስመሳይ የለመደ ሰው እነሱን ዘሎ ይመርጣል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማግኘት ደግሞ ግማሽ ነጥብ አያሰጥም።

ቻትቦት ጥያቄ ያወጣልኛል የምትሉም አላችሁ። ነጻ ነው፣ ገብቶኛል። ግን የሚያወጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለት መልስ ሊሆን የሚችል ነገር አለው፤ ስትከራከሩትም ወዲያው ይስማማላችኋል። ለአንድ ቃል ምሳሌ ዓረፍተ ነገር እንዲሰጣችሁ ተጠቀሙበት። ለጥያቄ አትመኑት።

አሁን ወደ ቅጂው እንምጣ፤ ሰው በብዛት የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። አንድ ጓደኛዬ ከአንድ ሻጭ «ኦርጅናል ነው» ተብሎ የቨርባሉን መጽሐፍ በግማሽ ዋጋ ገዛ። ሽፋኑ ያምራል። ውስጡ ግን ከስካን የታተመ ነው። ሪዲንጉ ውስጥ «በደማቅ የተጻፉት ሁለቱ ክፍሎች በክርክሩ ውስጥ ምን ሚና አላቸው?» የሚል የጥያቄ ዓይነት አለ። የጓደኛዬ መጽሐፍ ላይ ደማቅ የሚባል ነገር የለም፤ ስካኑ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎታል። ሰውዬው ጥያቄው እንዲሁ ከባድ መስሎት ራሱን ሲወቅስ ነበር።

በኮምፒውተር ከሥዕል ወደ ጽሑፍ የተቀየሩት ፒዲኤፎች ደግሞ የባሱ ናቸው። የእንግሊዝኛው «አር» እና «ኤን» ሲጠጋጉ «ኤም» ሆነው ይነበባሉ፤ «ሞደርን» የነበረው «ሞደም» ሆኖ ቁጭ ይላል። ቃላት ለማጥናት የተቀመጠ ሰው ጽሑፉ ውስጥ ያልነበረ ቃል ሲያጠና አስቡት። የመልስ ገጹ የተዘለለበት ወይም የመልሱ ቁጥር በአንድ ዝቅ ያለበት ቅጂም አጋጥሞኛል። ያኔ ትክክል የመለሳችሁትን ተሳሳትን ብላችሁ ሌላ ሕግ ትፈጥራላችሁ፤ ያንን ማስለቀቅ ከባድ ነው።

ሦስተኛው ማታለያ አሮጌን በአዲስ ሽፋን መሸጥ ነው። ጂአርኢ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነሐሴ ውስጥ በእጅጉ ተቀይሯል። ተቃራኒ ቃል ምረጡ የሚለውና የቃላት ዝምድና የሚጠይቀው ክፍል የወጡት ያኔ ነው። ውጤቱም ከ200 እስከ 800 የነበረው ከ130 እስከ 170 ሆነ። ስለዚህ መጽሐፍ ስታገላብጡ ተቃራኒ ቃል የሚጠይቅ ክፍል ካያችሁ ወይም 800 የሚል ውጤት ካነበባችሁ፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ዓመት ምንም ይሁን ምን መልሱት።

የ2023ቱ ለውጥ ግን ለቨርባል ገዢ ብዙም አያሳስብም። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ፈተናው ወደ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ አጠረ፤ የቨርባል ጥያቄ ዓይነቶች ግን አልተነኩም። በፊት በአንድ ክፍል 20 ጥያቄ በ30 ደቂቃ ነበር። አሁን የመጀመሪያው ክፍል 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ነው። ለአንድ ጥያቄ ያው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ስለዚህ ከ2023 በፊት የታተመ ያገለገለ የኢቲኤስ መጽሐፍ በርካሽ ካገኛችሁ «አዲሱ ፈተና» በሚል ወሬ አትደናገጡ። ግዙት። ብቻ ሻጩን የመሀል ገጾች ፎቶ ጠይቁት። በእርሳስ ተከቦ የተጠፋ መልስ ይታያል፤ ላጲስ ቀለሙን እንጂ ጉድጓዱን አያጠፋም። መልሱ የታየበት ጥያቄ ደግሞ ዋጋው ዜሮ ነው።

ወደ ቃላት እንለፍ። ሦስት ነገር ይሸጥላችኋል፦ የቃላት ዝርዝር፣ የታተመ ካርድ፣ አፕ።

ዝርዝሩን እርሱት። በአሮጌው ፈተና ዘመን ታዋቂ የሆነ 3500 ቃላት ያለው ዝርዝር አለ፤ እስካሁን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በቀን 20 ቃል ብታጠኑ 175 ቀን ይፈጃል፤ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ያ ዝርዝር ተቃራኒ ቃል በደረቁ ለሚጠይቅ ፈተና ይጠቅም ነበር። የአሁኑ የሚጠይቀው ቃሉን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። እንዲያውም የምናውቀውን ቃል በማናውቀው ትርጉሙ ማምጣት ይወዳል። «ኳሊፋይ» ማለት ማለፍ ብቻ የሚመስለው ሰው፣ ለተናገሩት ነገር ገደብ ማበጀት የሚለውን ትርጉሙን ሲያገኝ ይደናገራል። እንዲህ ያሉት ቀላል መሳይ ቃላት 3500ው ውስጥ ብትፈልጓቸውም አታገኟቸው ይሆናል።

የታተመው ካርድ ያምራል፤ በስጦታ ከመጣ ተቀበሉ። በገንዘብ ግን አልገዛውም። 500 ካርድ ተሸክሞ መዞር አለ። የትኛውን መቼ መከለስ እንዳለባችሁ አይነግራችሁም። አንዱ ከጠፋ ጠፋ ነው።

አንኪ ይህንን ሁሉ በነጻ ይሠራል። የረሳችሁትን ቶሎ፣ ያወቃችሁትን ቆይቶ ያመጣላችኋል። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ምንም አይከፈልበትም። በአይፎን ብቻ 24.99 ዶላር ነው፤ እሱም አንዴ ከፍሎ መገላገል ነው። ያም ከበዛባችሁ አንኪዌብን በአይፎኑ ብራውዘር ክፈቱ፤ ነጻ ነው። እኔ 25 ዶላር ለቃላት ከማወጣ በዚያው ገንዘብ መጽሐፉን ገዝቼ በብራውዘር እቸገራለሁ።

እዚህም ቅጂ አለ። አፕ መሸጫው ላይ «አንኪ» ብላችሁ ስትፈልጉ ስሙ ላይ አንድ ነገር የጨመሩ ብዙ አፖች ይመጣሉ። ሲከፈቱ ነጻ ይመስላሉ፤ ጥቂት ካርድ ካሳዩ በኋላ የሳምንት ወይም የወር ክፍያ ይጠይቃሉ። ከትክክለኛው አንኪ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም። የአንድሮይዱ ስም አንኪድሮይድ፣ የአይፎኑ አንኪሞባይል ነው። ከዚህ ሌላ ስም ካያችሁ ዝለሉ። በወር የሚከፈልበት የቃላት አፕም ቢሆን፣ መክፈል ስታቆሙ ክለሳችሁም ይቆማል።

ዝግጁ የጂአርኢ ዴክ (የአንኪ ካርዶች ጥቅል) አውርዶ መጠቀም ይቻላል። ግን ጥገናው ያደክማል። አንድ ካርድ ላይ ስድስት ትርጉም የተከመረበት አለ፤ እሱን መበተን ነው። ምሳሌ የሌለው አለ፣ ትርጉሙ የተሳሳተ አለ። ስጠግን የማጠፋውን ጊዜ ሳየው በራስ እጅ መሥራት ይቀላል። አሠራሩ ይኸው፦ የኢቲኤስን ጥያቄ ስትሠሩ ያላወቃችሁትን ቃል፣ ስሕተት የሆኑት ምርጫዎች ውስጥ ያለውንም ጭምር ያዙ። ከፊት ዓረፍተ ነገሩን፣ ከጀርባ አጭር የእንግሊዝኛ ትርጉም ጻፉ። አማርኛውን ብቻ ከጻፋችሁ ሦስት የተለያዩ የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ አማርኛ ላይ ይከመሩና ልዩነታቸው ይጠፋል። ፈተናው የሚለየው ደግሞ በዚያች ልዩነት ነው።

ስለ ሪዲንግ አጭር ነኝ። ኮርስ አትግዙ። ኢኦንና ጄስቶር ዴይሊ የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥነ ጥበብና ስለ ማኅበረሰብ፣ ኳንታ ማጋዚን ላይ ስለ ሳይንስ በነጻ ይነበባል። የጂአርኢ ጽሑፎችም የሚመጡት ከእንዲህ ዓይነቱ ዘርፍ ነው። አንድ አንቀጽ አንብቡና ጸሐፊው ማንን እየተቃወመ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተናገሩ። መናገር ካቃታችሁ አልገባችሁም፤ ድገሙት። ጠንከር ያለ ልምምድ የሚፈልግ ሰው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ የሆነውን የኤልሳት ፈተና ሪዲንግ ይሞክር። ሎውሀብ የሚባለው የኤልሳት ድረ ገጽ ላይ በነጻ አካውንት የሚሠሩ እውነተኛ ፈተናዎች አሉ፤ ከጂአርኢው ይረዝማሉ፣ ይከብዳሉም።

ነጻዎቹን የፓወርፕሬፕ ፈተናዎች ግን በአንድ ሳምንት አትጨርሷቸው። አንዱን መጀመሪያ ላይ፣ ያላችሁበትን ለማወቅ ሥሩት። ሌላውን ፈተናው አሥር ቀን ያህል ሲቀረው ሥሩት። ሁለተኛው ክፍል የሚከብደው ወይም የሚቀልለው በመጀመሪያው ክፍል ውጤታችሁ ነው፤ ያንን በወረቀት መጽሐፍ መለማመድ አይቻልም።

መጽሐፉን ስትሠሩ ደግሞ መልሱን በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሁለተኛ ዙር ስትደግሙት ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስትጨርሱም ንጹሕ መጽሐፍ ይሸጣል፤ በግማሽ ዋጋ እንኳ ብትሸጡት አንዱ ጥያቄ ወደ ሰባት ሳንቲም ወረደ ማለት ነው።