አንድ ምዕራፍ አንብባ ዝም የምትል ማጫወቻ

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ካለ ሱቅ የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ ማጫወቻ ገዝቼ ነበር። መዳፍ የምታክል ነች። ጀርባዋ ላይ የፀሐይ መሙያ አላት፣ ሬዲዮም ትይዛለች። 1500 ብር ከፈልኩ። ሐዲስ ኪዳን በአማርኛ፣ 27ቱም መጻሕፍት ተጭነውባታል። ሱቄ የሚመጣ ሁሉ "እንዴት ነች?" ስለሚለኝ ያየሁትን ልጻፍ።

ድክመቷን ላስቀድም። የፀሐይ መሙያዋ ለጅማ ክረምት አይሆንም። ሐምሌ ላይ ሙሉ ቀን መስኮት ላይ አስቀምጫት ማታ ለአንድ ሰዓት እንኳ ሳትቆይ ጠፋች። በስልክ ቻርጀር ሙሏት፣ በቃ። ድምፅዋ ግን ጥርት ያለ ነው፤ የስፌት መኪናዬ እየሠራም ይሰማኛል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። እጄ ሥራ ላይ ስለሚውል ጆሮዬ እንኳን ቃሉን ይስማ ብዬ ነው የገዛኋት። ጠዋት እከፍታታለሁ፣ ማታ እዘጋታለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። አንድ ቀን ከጎኔ ጨርቅ የሚሸጡት አባት አዛን ሲሰሙ፣ ዋጋ እየተከራከረ የነበረውን ደንበኛ "ትንሽ ታገሠኝ" ብለው ትተውት ተነሡ። ሰግደው ሲመለሱ በሬ ላይ ቆም አሉና "ልጄ፣ ያንቺስ ዛሬ ምን ነገረሽ?" አሉኝ። ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር፣ እግሬን ከፔዳሉ አነሣሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሲነበብ ውሏል፣ እኔ ግን ማቴዎስ ይሁን ሉቃስ አላውቅም። በክፋት አልነበረም የጠየቁኝ። ያን ቀን ግን ሥራ እጄ ላይ አልሄድ አለኝ።

ማታ ስነካካት አንድ ምዕራፍ ብቻ አንብባ የምትቆምበትን ቁልፍ አገኘሁ፤ ሻጩ አልነገረኝም ነበር። የዚያኑ ማታ ከማቴዎስ 1 ጀመርኩ። አሁን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነው፣ ሲነበብ መኪናው ይቆማል። በዚህ አያያዝ 260ው ምዕራፍ በ130 ቀን ያልቃል።

ማርቆስ 13 የደረሰኝ ማታ መብራት ጠፍቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የቤቱ ጌታ በማታ ይምጣ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮህ ወይም ማለዳ አታውቁም የሚለው ጋ ደረሰ። ምዕራፉ የሚያልቀው "ትጉ" በሚለው ቃል ነው። "ትጉ" አለና ቀጥ። ሌላ ድምፅ የለም፣ ዝናቡ ብቻ። እንደ በፊቱ ሳታቋርጥ ብታነብ ኖሮ ምዕራፍ 14 ይቀጥልና ያ ቃል አብሮ ያልፈኝ ነበር። ጨለማው ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ዐይኔ መደርደሪያው ላይ ሄደ፤ ከአንዲት ደንበኛ ቀሚስ የተረፈ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን ጨርቅ እዚያ አለ። እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ስንት ጊዜ ቃሉ ሲነበብ ያ ጨርቅ ከራሴ በላይ ተቀምጧል!

ጠዋት 14ኛውን ከመክፈቴ በፊት ደወልኩላት። ከዚያ ደቀ መዛሙርቱ ጌቴሴማኒ ውስጥ ሦስቴ ተኝተው የተገኙበትን ሰማሁ፣ መኪናዬን አቁሜ።

መግዛት የምትፈልጉ፣ ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩን በአንድ ምዕራፍ የምታቆም መሆኗን ጠይቁት፤ እዚያው አስከፍታችሁ እስክትቆም ስሙ። ሁሉም ይህ ቁልፍ የለውም።