ሳንኮፋ፦ ፊልም ለሚሠራ ሰው ከመጻሕፍት መደብር በላይ

ዋሽንግተን ዲሲ ሆናችሁ በራሳችሁ አቅም ፊልም ለመሥራት የምትታገሉ ሁሉ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለውን ሳንኮፋን ሳታዩ እንዳትቀሩ። መጻሕፍትና ፊልም ይሸጣል፣ ካፌም አለው። የፊልም ሠሪው የኃይሌ ገሪማና የባለቤቱ የሺሪኪያና አይና ቤት ነው።

እኔ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለአጭር ፊልሜ ገንዘብ ፍለጋ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቼ ምንም አላገኘሁም። ቡናዬን ይዤ መደርደሪያዎቹን ስቃኝ ግን የቤቱ ታሪክ ራሱ አበረታኝ። «ሳንኮፋ» የተባለው የኃይሌ ፊልም በ1993 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም አሉ፤ ኃይሌና ሺሪኪያናም ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ በጥቁሮች ማኅበረሰብ እየታገዙ ለሕዝብ አሳዩት። ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው። ከ28 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

የእኛ ትልቁ ችግርም መቅረጹ አይደለም። ካሜራ ከጓደኛ ይለመናል፣ ተዋናይም በፍቅር ይሠራል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ማን ያሳየዋል? እዚያ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንቀረው፣ ለዚህ ነው ይህ ቤት ልቤን የነካው።

የመጻሕፍቱ ምርጫ በጣም ደስ ይላል፤ አፍሪካና የጥቁሮች ታሪክ ላይ ያተኩራል፣ ለልጆችም አለ። መኪና ማቆሚያ ግን አካባቢው ላይ ያስቸግራል፣ በአውቶቡስ ብትሄዱ ይሻላል። እኔ ቅዳሜ ስክሪፕቴን ይዤ እመለሳለሁ።