ቦታው ሸጋ፣ መስተንግዶው ግን አንጀት ያሳርራል

መጀመሪያ የሚገባውን ልስጠው። ክፍሉ ንጹሕ ነበር። አልጋው ምቹ ነው፣ ገንዳውም ፎቶ ላይ ካየነው አያንስም፣ አትክልቱ የተያዘበት መንገድ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ያስቀናል። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ሙቅ ውኃ ጠፋ ወይም ዋይፋይ ተቆራረጠ ብዬ አይደለም። እሱማ የትም ያጋጥማል። እኔን ያበሳጩኝ ሰዎቹ ናቸው። የሪዞርቱን ስም ለጊዜው አልጠራም። አቤቱታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ፣ መልሳቸውን ልይ ብዬ ነው።

አምስት ሆነን ነው የሄድነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመቱ ልጃችን፣ የ4 ዓመቷ ትንሿ እና እናቴ። አራት ሌሊት። እማዬ 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ ምግብ ከመብላቷ በፊት ኢንሱሊን ትወጋለች። ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ ይመጣል።

ቼክ ኢን ከቀኑ 9 ሰዓት ይላል። ብዙ ቦታ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው፣ የወጣው እንግዳ ክፍል እስኪጸዳ ጊዜ ስለሚፈልጉ። ይገባኛል። እኛ 9 ሰዓት ላይ ደረስን፣ ክፍሉን ያገኘነው 11 ሰዓት ላይ ነው። እሱም ይሁን። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሎቢ ውስጥ ሁለት ልጆችና አንዲት እናት ይዘሽ ስትቀመጪ አንድ ሰው መጥቶ «ትንሽ ይታገሡን» ቢልሽ ምን ይጎድልበታል? ሪሴፕሽን ላይ ሦስት ሰው አለ። የምትሠራው አንዷ ናት፣ ሁለቱ ከኋላ ቆመው ስልክ ላይ የሆነ ነገር እያዩ ይሳሳቃሉ። ተራችን ሲደርስ ልጅቷ ቀና እንኳን አላለችም። የመጀመሪያ ቃሏ «መታወቂያ» ነው። እንኳን ደህና መጣችሁ የለ፣ እንዴት ዋላችሁ የለ። መታወቂያ።

ቡክ ሳደርግ ደውዬ ነበር። መሃላቸው የሚከፈት በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች ስጡን ብዬ ነው የጠየቅኩት፣ እናቴ ማታ ማታ ስኳሯ ሊወርድባት ስለሚችል ብቻዋን እንዳታድር። በኢሜይልም «ጥያቄዎ ተመዝግቧል» የሚል መጣልኝ። እኔ ሞኟ ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። ለካ «ተመዝግቧል» ማለት «ተረጋግጧል» ማለት አይደለም። ጎን ለጎን የሆነ ክፍልና ውስጥ ለውስጥ የሚገናኝ ክፍልም አንድ አይደሉም፣ ሲመቻቸው ያቀላቅሉታል። እናንተ ስትይዙ «ተረጋግጧል» የምትለዋን ቃል በጽሑፍ ካላገኛችሁ ምንም አላገኛችሁም።

የሰጡን ምን መሰላችሁ? አንዱ 1ኛ ፎቅ፣ አንዱ 3ኛ ፎቅ። «ሲስተሙ ነው የሰጣችሁ» አለችኝ። ሲስተሙ! ሱፐርቫይዘሯ ይጥሩልኝ አልኩ። መጣች። ነገሩን ከሥር ከሥሩ አስረዳኋት፣ በሽታውንም ጭምር፣ ሰው ፊት መናገሩ ባይመቸኝም። ሴትየዋ እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «እንዲህ ከሆነች ታዲያ ለምን አመጣችኋት?» አለች።

«ከሆነች»። እናቴ እዚያው ቆማ። የልጅ ልጆቿ እጇን ይዘው። በሷ ዕድሜ ያለች ሴት አጠገቧ ቆማ እየሰማች «ከሆኑ» ማለት ስንት ያስከፍላል? እማዬ ምንም አላለችም። ሻርፗን ማስተካከል ጀመረች፣ የተስተካከለውን። እኔ ደሜ ፈላ፣ ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ተይው አሁን ልጆቹ ደክሟቸዋል» አለኝ። ተውኩት። እኔ፣ እማዬና ትንሿ 1ኛ ፎቅ፣ ወንዶቹ 3ኛ ፎቅ ሆነን አደርን። ለቤተሰብ ዕረፍት መጥተን ቤተሰቡን ለሁለት ከፈሉት።

በማግስቱ ገንዳ ወረድን። እዚህ ጋ ልጄን ላጸዳው አልፈልግም፣ ሮጧል። የገንዳ ዳር እርጥብ ነው፣ መሮጥ ክልክል ነው፣ ክልከላውም ትክክል ነው። የዋና ጠባቂው ግን መጥቶ ክንዱን ጨምድዶ ያዘውና ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮኸበት። ፊሽካ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መንፋት ይችል ነበር። «አትሩጥ» ማለት ይችል ነበር። ይባስ ብሎ ልጄ ላይ ሲጮህ ለገንዳው ጀርባውን ሰጥቶ ነው፣ ውኃው ውስጥ ደግሞ የትንሿ እኩያ የሆኑ ሦስት አራት ሕፃናት አሉ። ውኃ የሚወስደው ልጅ ፊልም ላይ እንደሚታየው እጁን እያወናጨፈ አይጮህም፣ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሰጥመው። የጠባቂ ሥራው ዓይን ነው። ይሄን ስነግረው «እህቴ ሥራዬን አታስተምሪኝ» አለኝ። ልጄ ከዚያ በኋላ ገንዳ አልወርድም ብሎ ሁለት ቀን ክፍል ውስጥ ታብሌት ሲነካ ከረመ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሦስተኛው ማታ ነው።

ክፍል ውስጥ ያለው ወረቀት እራት 1 ሰዓት ይጀምራል ይላል። እማዬ የምትወጋው ቶሎ የሚሠራውን ኢንሱሊን ነው፣ ምግብ ከመቅረቡ 15 ደቂቃ ገደማ በፊት ትወስዳለች። ለ1 ሩብ ጉዳይ ተወጋች፣ ልክ 1 ሰዓት ላይ በር ላይ ነን። አንድ አስተናጋጅ በሩን ደገፍ ብሎ ቆሟል። «ገና ነው» አለ። ለምን? «ግሩፕ አለ፣ መጀመሪያ እነሱ ይገባሉ፣ 40 ደቂቃ ጠብቁ።» ወረቀቱ 1 ሰዓት ይላል እኮ? «ዛሬ ተቀይሯል።» ለማን ነገራችሁ? ትከሻውን ነቀነቀ።

አስረዳሁት። መርፌዋን ወስዳለች፣ ካልበላች ስኳሯ ይወርዳል፣ ሌላ ምንም አንፈልግም፣ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ብቻ ስጠን። ከኋላው በመስታወቱ ይታየኛል፣ ጭማቂው በጆግ በጆግ ተደርድሯል። ስድስት ጆግ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። «ቡፌው ሳይከፈት ምንም አይወጣም» አለ። ልክፈል አልኩት። «ሲስተም አልተከፈተም።» ይሄ ሲስተም የሚሉት ነገር ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው መሰለኝ የሚዘጋው።

መቀመጫ አልነበረም። እማዬ የአበባ መትከያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይታ ዝም አለች፣ ከዚያ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ችፍ ማለት ጀመረ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ። እጇ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ከረሜላ ሊያመጣ ወደ ክፍል ሮጠ (ከረሜላው ቦርሳዬ ውስጥ መሆን ነበረበት፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል)። መለኪያውን አወጣሁ። 58 አለ። ከ70 በታች ወርዷል ነው የሚባለው፣ 15 ግራም የሚሆን ፈጣን ስኳር መውሰድ አለባት፣ ያ ማለት ያቺው ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ናት። ማሽኑን ለአስተናጋጁ አሳየሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ እናት፣ ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ በይ፣ ግሩፑ ሊያልፍ ነው።» ለእናቴ እኮ ነው።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት ልጅ ወለል ትወለውል ነበር። የጽዳት ሠራተኛ። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና በጎን በር ገባች። ደቂቃም አልቆየች፣ ብርጭቆውን በጋውኗ ሥር ሸፍና ይዛ ወጣች፣ የሰረቀች ይመስል። ተንበረከከች። «እማማ ይጠጡ፣ ቀስ ብለው» አለች። የእማዬ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ የብርጭቆውን ሥር በሁለት ጣቷ ደግፋ ይዛላት እስክትጨርስ ጠበቀች። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስለካው 83 ደርሷል። ልጅቷ ግን ያኔ የለችም። አስተናጋጁ «ማን ፈቀደልሽ?» ሲላት ሰምቻለሁ፣ መወልወያዋን አንሥታ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ማታውን ሳስበው አደርኩ። እሱ ልጅ ክፉ ነው ለማለት ይቸግረኛል። ምናልባት አንድ ብርጭቆ ከወጣ ከደመወዙ ይቆረጥበታል። ምናልባት ባለፈው ለሰው አዝኖ ተቀጥቷል። ሪሴፕሽኗም ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ይሆናል፣ ያንን ሁሉ ሰልፍ ብቻዋን ስታስተናግድ ዓይኗ ቀልቷል። ግን ይሄ ሁሉ ለኔ መልስ አይሆነኝም፣ የባሰ ነው እንጂ። ሠራተኛውን እንዲህ የሚይዝ ቤት እንግዳውን እንዴት እንደሚይዝ አየነው።

በነጋታው ማናጀሩን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ወጥተዋል፣ አሁን ይመጣሉ። 4 ሰዓት ላይ መጣ፣ ሱፍ ለብሷል፣ ፈገግ ብሏል፣ ሽቶው ከሩቅ ይጣራል። አዳመጠኝ፣ ያ እውነት ነው። ከዚያ «ልጁ አዲስ ነው፣ ያለ ፈቃድ መስጠት ሥልጣኑ አይደለም» አለኝ። ሥልጣን! ሪትዝ ካርልተን ሆቴሎች ውስጥ ማንኛውም ሠራተኛ አለቃ ሳይጠይቅ የአንድን እንግዳ ችግር ለመፍታት እስከ 2,000 ዶላር ድረስ ማውጣት ይችላል የሚል የታወቀ መመሪያ አለ። እኔ 2,000 ዶላር አልጠየቅኩም፣ ሪትዝ ካርልተንም ሁኑልኝ አላልኩም። ግማሽ ብርጭቆ ነው ያልኩት። በመጨረሻ ምን ሰጠኝ? የማሳጅ ኩፖን። ለኔ! እናቴ እንዴት አደረች ብሎ አልጠየቀም፣ ይቅርታ የምትባለዋን ቃልም ከአፉ አልሰማኋትም። ስለዚያች የጽዳት ልጅ ደግሞ እንዳትቀጡብኝ ብዬ ለመንኩት። «እናየዋለን» አለ። የማሳጁ ኩፖን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

የመጨረሻውን ቀን በአጭሩ ልበለው። ሻንጣችንን ይዘን ቼክ አውት ስናደርግ «አንድ ፎጣ ጎድሏል» ተባለ። ስንገባ ለዴፖዚት ብለው ካርዳችን ላይ ገንዘብ ይዘው ነበር፣ ከሱ ላይ ይቆረጣል አሉ። ጎሎ ከሆነ ቁረጡ አልን። የለም፣ ሻንጣ ይከፈት አሉ፣ ሎቢው መሃል፣ የእናቴን የውስጥ ልብስ ሳይቀር ሰው ፊት። እንቢ አልኩ። ባለቤቴ ወደ 3ኛ ፎቅ ወጥቶ ከጽዳት ጋር ፈለጉት፣ በረንዳው ላይ እንዲደርቅ ልጄ ያሰጣው ፎጣ ነው። ይዞ ወረደ። የሪሴፕሽኗ ልጅ ፎጣውን ተቀበለችና «እሺ በቃ፣ መሄድ ትችላላችሁ» አለች። እስረኛ የምትፈታ ነው የሚመስለው። የተያዘውን ገንዘብ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትመኑ፣ ባንኩ ለመልቀቅ ቀናት ሊወስድበት ስለሚችል የካርዳችሁን መግለጫ ተከታትላችሁ እዩት፣ የወጣችሁበትንም ደረሰኝ አትጣሉ።

ልንወጣ ስንል ሌላኛው የሪሴፕሽን ሠራተኛ ተከትሎን መጣ። «በስልካችሁ መጠይቅ ይመጣላችኋል፣ እባካችሁ 10 ስጡን።» በአራት ቀን ውስጥ «እባካችሁ» የምትለዋን ከነሱ የሰማኋት ያኔ ነው። ለምን እንደሚለማመጡ ይገባኛል፦ ለወዳጅዎ ይጠቁሙናል ወይ የምትለዋ ከ0 እስከ 10 የምትጠይቀው ጥያቄ ናት፣ በሷ ስሌት 9 እና 10 ብቻ ናቸው እንደ ደጋፊ የሚቆጠሩት፣ 7 እና 8 ምንም አይጠቅሟቸውም፣ ከ6 ጀምሮ ወደ ታች ያለው ቅሬታ ነው።

ቤት ገብተን መጠይቁ መጣ። 2 ሰጠሁ፣ ሁለቷም ለአልጋውና ለአትክልተኛው ናቸው። እማዬ «ተይ ልጄ፣ ሥራቸውን ታሳጫቸዋለሽ» አለችኝ፣ የሷ ነገር። ከታች አንድ ሣጥን አለ፦ «በተለየ ሁኔታ ያስተናገደዎትን ሠራተኛ ስም ይጻፉ።» እጄን ስልኩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ስሟን አላውቀውም። አራት ቀን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ አልፌያታለሁ፣ ያን ማታም ብርጭቆውን ስትይዝልን ፊቴ ተንበርክካ ነበር፣ ማን ትባያለሽ አላልኳትም። «1ኛ ፎቅ የምታጸዳዋ፣ ሰማያዊ ጋውን፣ ግራ ጉንጯ ላይ ስርጉድ ያላት» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።