የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ለሐረጎ ዳገት፦ የትኛውን ልግዛ?

አሮጌ ፒክአፕ ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያስገባ ሰው ሞተሩን፣ ጎማውንና ላሜራውን ሲያሳምር ይከርማል። የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው፤ በተረፈች ብር፣ በተረፈች ቦታ። ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ለሚመላለስ መኪና ግን መጀመሪያ መታሰብ ያለበት እሱ ነው። (ማኑዋል ካምቢዮ ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፤ ሻያችሁን ጠጡ።)

ምክንያቱ ሐረጎ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ያን ሁሉ ከፍታ የምትወጡት 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ጭነት ይዛችሁ፣ ከፊት ተሳቢ እየተንፏቀቀ፣ በ20 እና በ30 ስትወጡ ቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል፣ አይቆለፍም። ዘይቱን ቅል ውስጥ እንዳለ እርጎ ይንጠዋል። ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፍጥነት ስለሌለም ከፊት የሚገባ ነፋስ የለም። በዚያ ላይ በደሴ ከፍታ አየሩ ራሱ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ቢነፍስም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል።

ዘይቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሠራ ደስ ይለዋል። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ መካኒኮች በግምት የሚይዙት ሒሳብ ይህ ነው። 120ን ሲያልፍ ጎማ ማሸጊያዎቹም መድረቅ ይጀምራሉ።

እንግዲህ ምርጫው። ራዲያተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ነፃ ነው፤ ጠዋት በደሴ ብርድ ዘይቱን ቶሎ ያሞቅላችኋል። ችግሩ ሲያረጅ ነው። ውስጡ ከተበሳ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ፣ ዘይቱ እንጆሪ ጁስ ይመስላል፣ ካምቢዮውም አለቀለት። ስለዚህ ራዲያተራችሁ አዲስ ከሆነ ተጠቀሙበት፤ ዘይቱ መጀመሪያ በራዲያተሩ፣ ከዚያ ከራዲያተሩ ውጭ ለብቻው በሚገጠመው ማቀዝቀዣ (ኩለር) አልፎ ወደ ካምቢዮ ይመለስ። ከተበተነ መኪና የወጣ ራዲያተር ከሆነ ግን እኔ አላምነውም። ዝለሉትና ውጭውን ብቻ ተጠቀሙ።

ከውጭዎቹ ርካሹ ባለ ቱቦው ነው፦ አንድ ቱቦ እየተጠማዘዘ በስስ ቆርቆሮ መሃል ያልፋል። ከተማ ውስጥ ባዶውን ለሚዞር መኪና ይበቃል። ለሐረጎ አይበቃም። አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ ቆሻሻ ቢገባበት ታጥቦ ይጠራል።

ባለ ፕሌቱ፣ ዘይቱ በጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ውስጥ የሚያልፍበት፣ በዚያው ስፋት የበለጠ ያቀዘቅዛል። ከሁሉም የሚሻለው ፕሌቶቹ የተደራረቡበት፣ ስታክድ ፕሌት የሚባለው ነው። ዘይት ሲቀዘቅዝና ሲወፍር ግፊት አያበዛም፣ ንዝረትም ይችላል። የራሱ ጣጣ አለው፦ ያረረ ካምቢዮ የተፋው ብናኝ ብረት ከገባበት በማጠብ አይወጣም። ያገለገለ ስታክድ ፕሌት ርካሽ ሲሏችሁ «ከየትኛው መኪና ወጣ?» በሉ። ሻጩ ከተንተባተበ ተዉት። ከተንተባተበበት ዕቃ ይልቅ አዲሱ ባለ ቱቦ ይሻላል።

አሁን ዋናው ነገር። ለዚህ መንገድ ከኩለሩ ትልቅነት ይልቅ የራሱ ቬንቲላተር ይበልጣል። በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ትልቅ ኩለር ያለ ነፋስ ቆርቆሮ ነው። መካከለኛ ስታክድ ፕሌት ከኤሌክትሪክ ቬንቲላተር ጋር ግዙ። ዘይቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱ የሚያስነሳው ስዊች ይኑረው፣ በሪሌና በፊውዝ ይታሰር። ወደ ባቲና ሚሌ የምትወርዱማ ጥያቄም የለውም፤ ሚሌ በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ደሴ ለምታድሩ ደግሞ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ በኩለሩ ሳያልፍ እንዲመለስ የሚያደርግ ቴርሞስታት ጨምሩበት።

ገጠማው ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ የቆመ ፒክአፕ ላይ ኩለሩ በራዲያተሩ ስስ ቆርቆሮ መሃል ተወግቶ ባለፈ የፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሯል። ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ማሰሪያው ስሱን ቆርቆሮ ፈግፍጎ ውሃ መስመሩ ደርሷል፤ አረንጓዴ እርጥበት ከሥሩ ይታያል። መካኒኩ ጣቱን አስነክቶ አሳየኝና «ወንድሜ፣ ሁለት ብረት መበየድ ስንት ይፈጃል?» አለኝ። ልክ ነው። ኩለሩ በራሱ ብረት ላይ በላስቲክ ተደግፎ ይቁም፣ ከራዲያተሩም ትንሽ ይራቅ።

ቱቦው ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ ይሁን። የውሃ ቱቦ ያብጣል፣ የነዳጅ ቱቦም ሁሉ ይህን ሙቀት አይችልም። ከቺንጋና ከማርሚታ አርቁት። የብረቱን መስመር ከቆረጣችሁ ጫፉ ላይ ጉብታ አስወጡለት፤ ልሙጥ ብረት ላይ የጠበቀ ቱቦ ዳገት መሃል ይነቀላል። ዘይት በአንድ ጊዜ ፈስሶ ሲያልቅ ካምቢዮው ይቃጠላል።

ኩለሩና ቱቦው ራሳቸው ዘይት ስለሚይዙ መጨመር የግድ ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ደረጃው የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ነው፤ የእናንተን ካምቢዮ መመሪያ መጽሐፍ ግን እዩ። ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ መጋጠሚያዎቹን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ቀይ ዘይት ከታየ ማጥበቂያውን አንድ ሩብ ዙር ጨምሩ።