ውሻ ፎስተር ማድረግ፦ የዲሲ አካባቢው ቡድን በኔ እይታ

ለሚጠይቁኝ ሁሉ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ። ውሻ ፎስተር የማደርግለት (ማለት ቋሚ ባለቤት እስኪገኝ ውሻውን ቤቴ የማቆይለት) ቡድን ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ላይ ነው የሚሰራው፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም፣ ግን ከ5 ኮከብ 4 እሰጣቸዋለሁ።

የራሳቸው ሼልተር (የእንስሳት መጠለያ) የላቸውም፣ ውሾቹ በሙሉ የሚያድሩት እንደኔ አይነት ሰው ቤት ነው። አብዛኞቹ ከደቡብ ስቴቶች ናቸው፣ እነ ጆርጂያ እነ ኖርዝ ካሮላይና፣ እዛ ሼልተሩ ሲሞላ ቦታ የለም ተብሎ ጤነኛውም በመርፌ ይገደላል፣ ስለዚህ በቫን ጭነው ወደዚህ ያመጧቸዋል። እዚህ የሚቀበል ቤት ካልተገኘ ደግሞ ውሻው ከዛ አይነሳም።

ሀበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ይከፍሉሻል?" ነው። ኧረ ምንም! ግን አንቺም አትከፍዪም፣ ምግቡ፣ ክሬቱ (የውሻ ማደሪያ ሳጥኑ)፣ ሊሹ (ማሰሪያው)፣ ቬቱ (የእንስሳት ሐኪሙ) በነሱ ነው፣ ካንቺ ጊዜና መኪና ብቻ። ተከራይ ከሆንሽ የአከራይሽን ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ቤትሽንም በቪዲዮ ያያሉ።

ወጪውን በእውነት እንደሚችሉት ያመንኩት ሃርትዎርም ያለባት ውሻ ስትመጣልኝ ነው። እንደ ወባ ትንኝ ባሉ ትንኞች ንክሻ የሚተላለፍ ትል ነው፣ ልብና የሳንባ ደም ስር ውስጥ ይኖራል፣ ደቡብ ላይ ሙቀቱ ስላለ በጣም የተለመደ ነው። መጀመሪያ አንቲባዮቲክ ትወስዳለች፣ ከዛ ወገቧ ጡንቻ ላይ መርፌ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ሁለት ቀን በተከታታይ ሌላ መርፌ፣ ሂሳቡ ከሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል፣ አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም። ችግሩ በነዛ ወራት መሮጥ መዝለል ክልክል ነው፣ የሚሞተው ትል የሳንባዋን ደም ስር ሊዘጋው ይችላላ። ገና ልጅ የሆነች ውሻ ዝም ብለሽ ተቀመጪ ትያታለሽ? እኔ ኮንግ (ውስጡ ባዶ የሆነ የላስቲክ መጫወቻ) ውስጥ የኦቾሎኒ ቅቤ እየሞላሁ ፍሪዘር ከትቼ እሰጣት ነበር፣ እሱን ስትልስ ትውላለች (ቅቤው ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ እንዳይኖረው እዩ፣ ውሻ ይገድላል)።

ምግብ ላይ ቡድኑ የሚሰጠው ወረቀት ለፈረንጅ ቤት የተጻፈ ነው፣ ቸኮሌት፣ ወይን፣ ዘቢብ ምናምን ይላል። ለኛ ቤት ልጨምር፦ ወጥ የነካው እንጀራ በፍጹም! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን አለው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። እንግዳ "አይ ትንሽ ብትቀምስ" እያለ ከጠረጴዛ ስር ሲወረውር አይናችሁን አትንቀሉ። እናቴ ከአዲስ ስትመጣ "ውሻ ምንጣፍ ላይ? በስመአብ! ግቢ አይደል ቦታው?" ብላ ነበር፣ ከሳምንት በኋላ ቡና ስታፈላ ማን እግሯ ስር እንደሚተኛ አልነግራችሁም።

ቅሬታዬ፣ አንደኛ ቅዳሜና እሁድ ቴክስት ብታደርጉ መልስ ሰኞ ነው፣ ውሻዋ ስታስመልስ ማታ ማንን እንደምደውል ግራ ገባኝ። ሁለተኛ ለአዶፕሽን (ቋሚ ባለቤት ለማግኘት) በሚለጥፉት ፕሮፋይል ላይ "ከድመት ጋር ትስማማለች" ብለው ጻፉ፣ ድመት አይታ አታውቅም! ጮኬ አስነሳሁት፣ ግን ሳልናገር ቢቀርስ?

ስትሰጥ አታለቅሺም ወይ ለምትሉኝ፣ አለቅሳለሁ፣ መኪና ውስጥ፣ ከዛ የወሰዷት ሰዎች ፎቶ ይልካሉ። ውሻውን ለራሳችሁ ማስቀረት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፎስተሩ ነው።

ድመት ለምትመርጡ ስፕሪንግና ሰመር ላይ የድመት ግልገል ይበዛል፣ እናት የሌላቸው ከሆኑ ግን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጡጦ ነው፣ ሌሊትም ጭምር፣ የላም ወተት ደግሞ ያስቀምጣቸዋል፣ የራሳቸው ፎርሙላ አለ። የሌሊት ሺፍት የለመዳችሁ ነርሶች እናንተ ሞክሩት፣ እኔ እንቅልፌን እወዳለሁ።

ለገና አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው፣ ተተኪ ቤት ይፈልጋሉ፣ በመጨረሻው ሰዓት ከሆነ ግን ዲሴምበር ላይ ሰው አይገኝም።